ስለ ተልባና ስለ ቺያ

የአምቦ ከተማ ስሟ በተነሣ ጊዜ ሁሉ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ውሃዋን ነው። ውሃው ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በየአገሩ ሲሄድ የኖረ ስለ ሆነ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን በመስከረም ወር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚመጣ መንገደኛ ማለዳ ግራና ቀኙን ቢመለከት፥ በስንዴውና በገብሱ መካከል አልፎ አልፎ ሰማያዊ የሆነ እርሻ ያያል። ያ የተልባ አበባ ነው። ያው መንገደኛ ከቀትር በኋላ ቢመለስ ግን አበባውን ሊያጣው ይችላል፤ የተልባ አበባ ማለዳ ተከፍቶ ፀሐይ ስትበረታ የሚረግፍ ነውና። በማግስቱም ሌላው በፈንታው ይከፈታል።

በዚህ ገጽ ስለ ተልባ ለመጻፍ ያነሣሣን፥ በቤታችን ከሌላ ዘር የተነሣ የደረሰ ነገር ነው። ነገሩ ለብዙ ቤተ ሰብ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፥ እናቶችና እኅቶች እንዲያነቡት እንደሚከተለው እንገልጻለን።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም መካከል፥ በአዲስ አበባ የምትማረው የወንድማችን ልጅ አያቷን ለመጠየቅ ወደ አምቦ መጣች። በእጇም አንዲት ትንሽ ከረጢት ይዛ ነበር። በከረጢቷ ውስጥ ያለው ዘር ከሰሊጥ ያነሰ፥ ግራጫና ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፥ ሲዳስሱት የሚንሸራተት ነው። ስሙም ቺያ እንደ ሆነ ነገረችን። ከዚያም ወደ እናታችን ቀርባ፦ «አያቴ፥ ይህን ቢወስዱ ሆድዎን ያለሰልስልዎታል፤ የደም ግፊትዎንም ያወርድልዎታል፤ ለጾምም የተፈቀደ ነው» አለቻቸው። እናታችንም በጾሙ ምክንያት ሆዳቸው ደርቆ ሲቸገሩ ስለ ነበር፥ «እደጊ ልጄ፥ አንቺ ያመጣሽው መቼም አይጎዳኝም» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ልጅቱም አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ደረቁን አቃመቻቸውና ጥቂት ውሃ አስከተለች። ዘሩ ግን በጕሮሯቸው ሳለ ውሃውን ስቦ አበጠ፤ መውረድም መውጣትም እንቢ አለ። እናታችን እንባቸው እየወረደ፥ አንገታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያስሉ በቤቱ ውስጥ ታላቅ ድንጋጤ ሆነ። ከብዙ ማሳል በኋላ እንደ ቅንጭብ ወተት የተጣበቀ ዝልግልግ ነገር ከአፋቸው ወጣና ትንፋሻቸው ተመለሰ። ልጅቱ ከማንም ይልቅ አለቀሰች። እኛ ግን በእርስዋ አልፈረድንባትም፤ አጠገባቸው ተቀምጠን ሳለ ይህ ዘር እንዴት ያለ እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ዝም ብለን ያየን እኛ ነንና፥ ጥፋቱ ከእርስዋ ይልቅ በእኛ ላይ ነው።

በማግስቱም እናታችን ያንኑ ከረጢት አስመጥተው ከዘሩ ጥቂት ቆንጥረው በስኒ ውሃ ውስጥ ጨመሩት። ጥቂት ቆይተውም በጣታቸው አነሡትና በአውራ ጣታቸው አሻሽተው ፈገግ አሉ። «ይህማ የተልባ ዘመድ ነው! ትናንት እንዲህ ብላችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ፥ በውሃ ሳታርሱ አልቅምም እላችሁ ነበር» አሉን። እኛ ማንበብና መጻፍ ተምረን ሳለ ያላየነውን ነገር፥ እርሳቸው በጣታቸው ብቻ ዐወቁት።

እኛ ኑሯችን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስለ ሆነ፥ የሁለቱም ወገን ቃል ሳይሰማ ፍርድ መስጠት እንደማይገባ እናውቃለን። ስለዚህ በእናታችን መታፈን ተቈጥተን ቺያን ከቤት ከማስወጣታችን አስቀድሞ፥ የእርሱንም የተልባንም ነገር መርምረናል። ያገኘነውም እንዲህ ነው።

ስለ ቺያ

የቺያ አገሩ በአሜሪካ ምድር ሜክሲኮና ጓቴማላ ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፥ ሐምራዊ ወይም ነጭ አበባ በዘለላ የሚያወጣ ተክል ነው። ወገኑም ከተልባ አይደለም፤ ከበሶብላ፥ ከጦስኝና ከዳማከሴ ወገን ነው። እናታችን ዘመድ ነው ማለታቸው ግን በከንቱ አይደለም፤ ሁለቱም ዘሮች ውሃ ሲነካቸው በላያቸው ዝልግልግ ልብስ ይለብሳሉና። የበሶብላም ፍሬ በውሃ ሲነከር እንዲሁ ያደርጋል።

እስፓኞች ከ1519 እስከ 1521 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሜክሲኮን ከመያዛቸው በፊት፥ የአዝቴክ ሰዎች ቺያን ከበቆሎና ከባቄላ ዓይነት እህል ጋራ እኩል አድርገው ይመገቡት ነበር። ነገሥታቱም ከገባር አገሮች በግብር ይቀበሉት እንደ ነበር፥ ከድሉ በኋላ በተጻፈ የግብር መዝገብ ላይ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ እርሻው እየተወ ሄዶ ለብዙ ዘመን በጥቂት መንደሮች ብቻ ቀረ። ወደ ዓለም ገበያ የተመለሰው ከ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ በአርጀንቲናና በሌሎችም አገሮች እንደ ገና መታረስ በጀመረ ጊዜ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዳቦ ውስጥ እንዲገባ ፈቀደ። በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካም የኡጋንዳ ገበሬዎች ለውጭ ገበያ ይዘሩታል።

እንግዲህ ቺያ የታወቀና የተከበረ ምግብ እንጂ ማታለያ አይደለም። ማታለያው በዙሪያው የሚወራው ወሬ ነው። ቺያ ውፍረትን ያጠፋል ይባላል፤ ነገር ግን በ2009 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ በወጣ ምርመራ፥ ወፍራም የሆኑ ሰዎች በየቀኑ 50 ግራም ቺያ ለ12 ሳምንት ቢመገቡም ክብደታቸው አልቀነሰም። በእናታችን የደረሰውም ብርቅ አይደለም፤ በ2014 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ የሆድ ዕቃ ሐኪሞች ጉባዔ ላይ፥ አንድ የ39 ዓመት ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ቺያ ቅሞ ውሃ ስለ ጠጣበት ዘሩ በጕሮሮው አብጦ ሐኪሞች በመሣሪያ እንዳወጡለት ተነግሯል። ቺያ ከክብደቱ 10 እጥፍ የሚሆን ውሃ ሊስብ ይችላልና።

ስለ ተልባ

ተልባ በአገራችን እጅግ የቈየ እህል ነው። የእህሎችን መገኛ ሲመረምር ዓለምን የዞረው የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎፍ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሰብስቧል። ኢትዮጵያንም የብዙ እህል ዓይነት መገኛ ከሆኑት የዓለም ስፍራዎች አንዷ አድርጎ ሲቈጥር፥ ከዚያ እህል መካከል ተልባ አለበት። በሌላ አገር ተልባን ስለ ግንዱ ቃጫ የሚዘሩት ብዙዎች ናቸው፤ የተልባ እግር የሚባለው የከበረ ጨርቅ የሚፈተለው ከዚያ ነው። የእኛ አባቶች ግን ከጥንት ጀምሮ የዘሩት ስለ ፍሬው ነው። ስሙም በአማርኛና በኦሮምኛ አንድ ስለ ሆነ፥ በአምቦ ገበያ ሻጭና ገዢ በየትኛውም ቋንቋ ቢነጋገሩ በተልባ አይሳሳቱም።

በምዕራብ ሸዋ ተልባ የሚስማማው ደጋውና ወይና ደጋው ነው። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ይዘራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ውሃ የሚተኛበትን ጥቁር ኮቲቻ አይወድም፤ ስለዚህ ከጊንጪ ሜዳ ይልቅ ውሃ በማይቆምበት ተዳፋትና ቀይ አፈር ያምርበታል። አረምን መቋቋም ስለማይችል የሚዘራውን ሰው የአረም ሥራ ይጠይቀዋል፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ በዚያው መሬት ለሚዘራው ስንዴና ገብስ መልካም ቀዳሚ ነው። የሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል ሊቃውንት በዚህ ዘር ላይ ለብዙ ዘመን ሠርተዋል፤ ለገበሬው ካወጧቸው ዝርያዎች አንዱ በላይ 96፥ ሌላው በእኛው ደጋ ስም ጀልዱ ተብለው ይጠራሉ።

የሁለቱ ሚዛን

አሁን ሁለቱን በሚዛን እናስቀምጣቸው። ከእያንዳንዱ ዘር 100 ግራም ቢመዘን፥ በውስጡ የሚገኘው በግምት ይህ ነው።

በቺያ፦ ጉልበት ሰጪ 486 ካሎሪ፤ ፕሮቲን 17 ግራም፤ ቅባት 31 ግራም፤ ሆድ ሳይፈጨው የሚያልፈው አሠር 34 ግራም፤ አጥንት የሚያጠነክረው ካልሲየም 631 ሚሊግራም።

በተልባ፦ ጉልበት ሰጪ 534 ካሎሪ፤ ፕሮቲን 18 ግራም፤ ቅባት 42 ግራም፤ አሠር 27 ግራም፤ ካልሲየም 255 ሚሊግራም።

ቺያን ዝነኛ ያደረገው ኦሜጋ 3 የተባለው የቅባት ዓይነት ደግሞ በቺያ 18 ግራም ያህል ሲሆን በተልባ ወደ 23 ግራም ይደርሳል። በሁለቱም ያለው አንድ ዓይነት ነው፤ በዓሣ ከሚገኘው ግን ይለያል፤ ሰውነታችንም ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው ከእርሱ ጥቂቱን ብቻ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ይሆናል። በካልሲየምና በአሠር ቺያ ይበልጣል። ቅርፊቱም ስስ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ሳይፈጨው ይመገበዋል፤ ቢፈጭ ግን ቅባቱን ለሰውነት ይበልጥ ይሰጣል። በቅባትና በኦሜጋ 3 ተልባ ይበልጣል። በዋጋም የሚወዳደሩ አይደሉም፤ የወንድማችን ልጅ በዚያች ከረጢት የከፈለችውን ገንዘብ ይዘን ወደ አምቦ ገበያ በወጣን ጊዜ፥ ቤተ ሰቡን ለወራት የሚበቃ ተልባ ገዝተን ተመልሰናል። የደም ግፊትንም ነገር ያነሣን እንደ ሆነ፥ በካናዳ ሐኪሞች የእግር ደም ሥር የጠበባቸውን ሰዎች በሁለት ከፍለው፥ ለአንዱ ወገን በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ በምግብ ውስጥ እየጨመሩ ሰጥተው ነበር። በ2013 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንደ ገለጹትም፥ ከ6 ወር በኋላ ተልባ የበሉት ሰዎች የደም ግፊት ካልበሉት ይልቅ በላይኛው ቍጥር ወደ 10፥ በታችኛው ወደ 7 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህን ስንጽፍ ግን ማንም የሐኪሙን መድኃኒት ትቶ በተልባ ይተካ ማለታችን አይደለም። ተልባ ምግብ ነው፤ መድኃኒትን ያግዛል እንጂ ቦታውን አይወስድም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው፥ ይልቁንም ደም የሚያቀጥን ኪኒን ያለው፥ ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ። ኪኒኑንም ከተልባው ጋራ በአንድ ጊዜ አይዋጥ፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱ በጊዜው ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያዘገየው ይችላልና።

ስለ አሰናዳዱ

በሴቶች ልጆቻችን ዘንድ እየተረሳ ያለው ዋናው ነገር አሰናዳዱ ነው። የወንድማችን ልጅ ቺያን ለመግዛት ዐወቀች፤ ተልባ ለመቍላት ግን አታውቅም ነበር። ስለዚህ እናታችን በዚያው ሳምንት አስተማሩዋት፤ እኛም አጠገባቸው ተቀምጠን ጻፍነው።

1ኛ፤ ተልባው በሰፌድ ይበጠራል። ፍሬው ትንሽ ስለ ሆነ አሸዋና አፈር ከእርሱ ጋራ ይደባለቃልና፥ ይህን ሥራ በችኰላ መሥራት ጥርስን ያስከፍላል።

2ኛ፤ በለዘበ እሳት ላይ በተጣደ ምጣድ ያለማቋረጥ እየተማሰለ ይቈላል። መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ቤቱን ሲሞላው ወዲያው ይወርዳል። ከዚያ ያለፈ እንደ ሆነ ይመራል። መቍላቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በጥሬው ተልባ ውስጥ በብዛት ቢበላ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያወጣ ነገር ስላለ፥ እሳቱ ያንን ይቀንሰዋል። እናቶቻችን የመርዙን ስም ሳያውቁ መከላከያውን ያውቁ ነበር።

3ኛ፤ ከበረደ በኋላ በሙቀጫ ይወቀጣል፥ ወይም በወፍጮ ይፈጫል፤ ከዚያም በወንፊት ይነፋል። ያልደቀቀ ተልባ በሆድ ውስጥ እንደ ገባ ሳይፈጭ ይወጣልና፥ ካልተወቀጠ ጥቅሙ ግማሽ ነው። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለው የአባቶች ተረት ስለ ሌላ ነገር የተነገረ ቢሆን፥ ለምግብም ያገለግላል።

4ኛ፤ የሚወቀጠው ለአንድ ሳምንት የሚበቃው ብቻ ይሁን። የተልባ ቅባት ነፋስና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። ያልተወቀጠው ፍሬ ግን በደረቅ ስፍራ ብዙ ወር ይቈያል። የተወቀጠው ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ሆኖ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ፤ የመረረ ወይም የቈየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ይጣል።

5ኛ፤ ለመጠጥ የሚሆነው፥ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ፈልቶ በበረደ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ እስኪወፍር ድረስ ጥቂት ይቈያል። የወደደ ጨው፥ የወደደ ማር ይጨምርበታል። ለፍትፍት የሚሆነው ወፈር ተደርጎ፥ ጨውና የተከተፈ ቃሪያ ተጨምሮበት እንጀራ ይፈተፈትበታል። በጾም ቀን ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰው ከዚህ የሚሻል ነገር ጥቂት ነው።

6ኛ፤ ተልባንም ሆነ ቺያን የሚወስድ ሰው በቀኑ ውስጥ ውሃ ደጋግሞ ይጠጣ። አሠር ያለ ውሃ ሆድን ያደርቃል እንጂ አያለሰልስም። ልማድ የሌለውም ሰው በአንድ የሻይ ማንኪያ ይጀምር።

ቺያ ያለው ቤትም አይጣለው። አንድ እጅ ቺያ በ10 እጅ ውሃ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይነከር፤ አንድ ጊዜም መኻሉ ላይ ይማሰል፤ ከዚያ በኋላ በአጥሚት ወይም በገንፎ ቢጨመር መልካም ነው። ለሽማግሌ፥ ለሕፃንና ምግብ መዋጥ ለሚቸግረው ሰው ግን ደረቁን ከቶ አይሰጥ።

መደምደሚያ

በአምቦና በጉደር፥ በጌዶም የሚኖሩ ገበሬዎች ቺያን እንዝራ ወይስ አንዝራ ብለው የሚጠይቁ ቢኖሩ፥ የምንነግራቸው አጭር ነው። ቺያ ቀኑ ሲያጥር የሚያብብ፥ ውርጭ የሚገድለው ተክል ነውና፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚያገኘው የጀልዱ ደጋ ለእርሱ አይሆንም። በቆላማው ስፍራ መሞከር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የእርሻ ባለሙያ ይጠይቅ፤ ገዢውንም ሳያውቅ የልጆቹን ቀለብ የሚያወጣበትን መሬት አይስጥ። ተልባ ግን ዘሩ ከእጁ፥ ገበያው ከደጁ ነው።

እኛ የእንግዳን ዘር የምንነቅፍ አይደለንም። በርበሬና በቆሎም ከዚያው ከቺያ አገር ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ያለ እነርሱ የሚኖር ቤት የለም። የምንነቅፈው፥ እንግዳው ሲገባ የቤቱን ልጅ ከማዕድ ማስነሣት ነው። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» የተባለው ለዚህ ነው። የአንድ እህል ዘር የሚጠፋው ገበሬው መዝራት ሲተው ብቻ አይደለም፤ በቤት ውስጥ የሚቈላውና የሚወቅጠው ሰው ሲጠፋ ገዢ ያጣል፥ ገዢ ሲያጣም ከእርሻው ይወጣል።

የወንድማችን ልጅ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ፥ አያቷ የቈሉትን ተልባ በጣሳ አድርገው ሰጡዋት። እርስዋም የቀረውን ቺያ ለአያቷ ተወችላቸው። እናታችንም፦ «አንቺ ሳትነክሪ አትቃሚ፤ እኔም ሳልነክር አልቅምም» ብለው መረቁና ሸኟት። ከዚያ ወዲህ በስልክ በተነጋገሩ ቍጥር፥ አስቀድማ የምትጠይቃቸው ስለ ጤናቸው ሲሆን፥ እርሳቸው ደግሞ አስቀድመው የሚጠይቋት «ተልባው አለቀ ወይ?» ብለው ነው። እናቶችም ሁሉ ይህን ጥያቄ ሴቶችና ወንዶች ልጆቻቸውን እንዲጠይቁ፥ አሰናዳዱንም ምጣዱ ዳር አስቀምጠው እንዲያስተምሩዋቸው በትሕትና እናሳስባለን።